ስለ ኮክ ማባያ አሠራርና ስለ ጥንቃቄው
ለመንደር ትምህርት ቤት ተማሪዎችና ለወላጆቻቸው የተሰጠ ንግግር



ምድር የምታስገኘው በረከት ሁሉ እንደየጠባዩ የሚጠበቅበት ብልሃት አለው። እህል ተወቅቶ በጎተራ ይከተታል፤ ቅቤ ተነጥሮ ይቀመጣል፤ ሥጋ በጨው ታሽቶ ቋንጣ ይሆናል፤ ማር በገንቦ ተከድኖ ዓመት ይሻገራል። የዛፍ ፍሬ ግን ከበሰለ በኋላ ቀጠሮ አያከብርም። ዛሬ ያልተለቀመው ነገ ይረግፋል፤ ነገ ያልተነሣው ከነገ ወዲያ ይበሰብሳል።

በደጋውና በወይና ደጋው አገር፥ በክረምት ወራት፥ የኮክ ዛፍ ቅርንጫፉ እስኪጎብጥ ድረስ ያፈራል። ልጆች ገና ጥሬውን በድንጋይ እያወረዱ ይበላሉ፤ ሆዳቸውንም ይታመማሉ። የበሰለው ደግሞ ከበላተኛው ቍጥር የበለጠ ስለሚሆን፥ የሚበዛው ከዛፉ ሥር ወድቆ ጭቃና ዝንብ ይወርሰዋል። ይህም የሚሆነው የጎተራው እህል በሚጎድልበት፥ አዲሱ አዝመራም ገና ባልደረሰበት ጊዜ ነው። እናት ለልጆቿ የምታቀርበው አጥታ ስትጨነቅ በገዛ ጓሮዋ ምግብ ይበሰብሳል። ይህ ነገር ሊታሰብበት የሚገባ ነው።

እንግዲህ የዚህ ንግግር ቁም ነገር አንድ ነው፤ ይኸውም የግማሽ ሰዓት እሳት፥ ጥቂት ስኳርና ንጹሕ እጅ ያለው ቤት ኮኩን ከመበስበስ አድኖ ለስላሳና ጣፋጭ ምግብ ሊያደርገው ይችላል፤ ነገር ግን ሥርዐቱ በሙሉ ካልተጠበቀ የተሠራው ምግብ ጤናን ይጎዳልና፥ አሠራሩን ከጥንቃቄው ለይቶ መማር አይገባም የሚል ነው።

ስለ ማባያው ምንነት

የኮክ ማባያ ማለት የበሰለ ኮክ ተልጦ፥ ፍሬው ወጥቶ፥ ከጥቂት ውሃና ከስኳር ጋራ ተቀቅሎ፥ በወንፊት የተጠለለ ነው። ከመረቅ ይወፍራል፤ ከማርማላታ ይቀጥናል። ማርማላታ ብዙ ስኳር ገብቶበት ብዙ ጊዜ ለመቆየት የሚሠራ ነው፤ ይህ ማባያ ግን ስኳሩ ጥቂት ስለ ሆነ ቶሎ ለመበላት የሚሠራ ነው። ልዩነቱን ከመጀመሪያው ማወቅ ይጠቅማል፤ ብዙ ስሕተት የሚመጣው ይህን እንደዚያ አድርጎ ከማስቀመጥ ነውና።

ኮክ የጥንት አገሩ ቻይና ነው። ከዚያም ወደ ፋርስ፥ ከፋርስም ወደ ምዕራብ አገሮች ተዛመተ። የአውሮፓ ሊቃውንት ከፋርስ የመጣ መስሏቸው በላቲን ቋንቋ የፋርስ ፍሬ ብለው ሰየሙት። ስሙ ከአገር አገር ቢለዋወጥም ጠባዩ አልተለወጠም፤ የብርድ ወራት የሚያገኝበትን ከፍተኛ ቦታ ይወዳል፤ በቆላ አገር ደኅና ፍሬ አይሰጥም። ስለዚህ ደገኛው ማንጎ የለኝም ብሎ እንዳያዝን ኮክ ድርሻው ሆኖለታል።

ስለ ዕቃው

ለዚህ ሥራ የሚያስፈልገው ዕቃ በየቤቱ የሚገኝ ነው፤ ድስት፥ ማማሰያ፥ ቢላዋ፥ ወንፊት፥ መክደኛ ያለው የመስታወት ወይም የሸክላ ዕቃ። ነገር ግን ስለ ድስቱ ሦስት ነገር ይጠበቅ።

አንደኛ፤ ለወጥ የዋለ የሸክላ ድስት የበርበሬና የሽንኩርት ሽታ በሆዱ ይዞ ይኖራልና ለፍሬ አይሆንም። ለፍሬና ለወተት ብቻ የሚሆን አንድ ድስት ለይቶ ማስቀመጥ የባለ ሙያ ሥራ ነው።

ሁለተኛ፤ የመዳብና የናስ ዕቃ ቆርቆሮ ካልተቀባ ወይም ቅቡ ከተፋቀ ፈጽሞ አይነካ። ፍሬ ኮምጣጣነት አለው፤ ኮምጣጣ ነገር ደግሞ መዳብን ያሟሟል። የሟሟውም መዳብ ከምግቡ ጋራ ወደ ሆድ ሲገባ ቍርጠትና ትውከት ያመጣል።

ሦስተኛ፤ የማይዝግ ብረት ወይም ቅቡ ያልተላጠ የሸክላ ቅብ ድስት ከሁሉ ይሻላል። ተራ ብረት ፍሬውን ያጠቍረዋል፤ ጣዕሙንም ብረት ብረት ያሰኘዋል። የአሉሚንየም ድስት ለማብሰል ቢበቃም ማባያው በውስጡ እንዲያድር አይተው።

ስለ ፍሬው ምርጫ

የሚመረጠው ኮክ መዓዛው የሚሸት፥ በጣት ሲጫኑት ጥቂት የሚለሰልስ ነው። ጥሬው ይጎመዝዛል፤ ከመጠን ያለፈውም ውሃ ይሆናል። ወድቆ የተቀጠቀጠ ኮክ በወደቀበት ቀን ተነሥቶ፥ በንጹሕ ውሃ ታጥቦ፥ የተቀጠቀጠው ተቈርጦ ቢወጣለት ለማባያ ይሆናል። ትል የገባበትም እንዲሁ ትሉና ዙሪያው ይውጣለት።

የሻገተ ግን አይዳን። አንዳንድ ሰው ሻጋታውን ፍቆ ቀሪውን ይቀቅላል፤ ይህ ትልቅ ስሕተት ነው። ለስላሳ ፍሬ ላይ የወጣ ሻጋታ ሥሩ ወደ ውስጥ ዘልቆ ይገባል፤ ሻጋታ የሚያወጣው መርዝም ሁሉ በእሳት አይጠፋም። የሻገተውን ለማዳበሪያ ጉድጓድ መስጠት ኪሳራ አይባልም።

ስለ መጠኑ

ለ8 ሰው ያህል የሚበቃ ማባያ ለመሥራት የሚያስፈልገው ይህ ነው፤

የበሰለ ኮክ 1 ኪሎ፤
ንጹሕ ውሃ 1 ብርጭቆ፤
ስኳር 8 የሾርባ ማንኪያ፥ ይኸውም 100 ግራም ያህል፤
የግማሽ ሎሚ ጭማቂ፤
ለወደደ 2 ፍሬ ቅርንፉድ ወይም ጥቂት ቀረፋ።

ኮኩ በጣም ጣፋጭ ከሆነ ስኳሩ ይቀነስ፤ ጎምዛዛ ከሆነም 2 ማንኪያ ይጨመር። ስኳር በአንድ ጊዜ ከማፍሰስ እየቀመሱ መጨመር ይሻላል፤ የገባውን ማውጣት አይቻልምና።

ስለ አሠራሩ

1ኛ፤ እጅ በሳሙናና በንጹሕ ውሃ ይታጠብ። ዕቃው ሁሉ ይታጠብ። ማባያው የሚገባበት የመስታወት ወይም የሸክላ ዕቃ ከነመክደኛው በፈላ ውሃ ይለቅለቅ። መስታወቱ እንዳይሰነጠቅ አስቀድሞ በሞቀ ውሃ ማሞቅ ያስፈልጋል።

2ኛ፤ ኮኩ በፈላ ውሃ ውስጥ 1 ደቂቃ ያህል ይነከርና ወዲያው ወደ ቀዝቃዛ ውሃ ይዛወር። የበሰለ ከሆነ ልጡ በጣት ይገፈፋል። እምቢ ያለው በቢላዋ ይላጥ።

3ኛ፤ ሥጋው ከፍሬው ተለይቶ በትንሽ በትንሹ ይከተፍ። የተከተፈው ኮክ ነፋስ ሲያገኘው ስለሚጠቍር ወዲያው የሎሚው ጭማቂ ይፍሰስበት። ከውስጥ የወጣውን ደረቅ ፍሬ ልጆች ሰብረው እንዳይበሉ ይጠንቀቁ፤ በውስጡ ያለው መራራ ለውዝ መሳይ ፍሬ በሆድ ውስጥ ሳያናይድ የሚባለውን ብርቱ መርዝ የሚያወጣ ነገር አለበት።

4ኛ፤ የተከተፈው ኮክ ከውሃው ጋራ በድስት ተጥዶ በለዘብተኛ እሳት ይቀቀል። ሲፈላ አረፋው በማንኪያ ይገፈፍ፤ እንዳያርም በማማሰያ ይማሰል። ኮኩ በማማሰያ ሲጫኑት የሚፈርስ ሲሆን ስኳሩና ቅርንፉዱ ይጨመር።

5ኛ፤ ስኳሩ ከሟሟ በኋላ 5 ደቂቃ ያህል ይንተክተክ። ከዚያም ቅርንፉዱ ወጥቶ፥ ኮኩ በንጹሕ ወንፊት ላይ ፈስሶ፥ በማንኪያ ጀርባ እየተጫኑ ይጠለል። ወንፊት ከሌለ በማማሰያ አድቅቆ እንዳለ መተው ይቻላል፤ ጣዕሙ ያው ነው።

6ኛ፤ የተጠለለው ወደ ድስቱ ተመልሶ እንደ ገና አንድ ጊዜ ይፍላ። መድረሱን ለማወቅ አንድ ጠብታ በቀዝቃዛ ሳህን ላይ ተንጠባጥቦ ሳህኑ ዘንበል ይደረግ። ጠብታው እንደ ውሃ ከሮጠ ገና ነው፤ ቀስ ብሎ ከተንሸራተተ ደርሷል። ሲቀዘቅዝ የበለጠ ስለሚወፍር በእሳት ላይ ሳለ እጅግ እስኪወፍር አይጠበቅ።

የማብሰያው ጊዜ እንደ አገሩ ከፍታ ይለያያል። በባሕር ጠረፍ ውሃ የሚፈላው በ100 ዲግሪ ነው፤ ወደ ላይ በወጡ ቍጥር ግን በየ300 ሜትሩ 1 ዲግሪ ያህል ይቀንሳል። ስለዚህ 2,400 ሜትር ያህል ከፍታ ባለው አገር ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ነው። በቆላ በ20 ደቂቃ የሚበስለው በደጋ እስከ 30 ደቂቃ ቢፈልግ እሳቱ ሰነፈ አይባልም። ደገኛ ሆኖ የሚያበስል ሰው ሰዓቱን ሳይሆን የፍሬውን መለስለስ ይመልከት።

ስለ አቀማመጡ

በአውሮፓ አቆጣጠር በ1810 ኒኮላ አፔር የሚባል ፈረንሳዊ ጣፋጭ ሠሪ ምግብን በጠርሙስ ከትቶ፥ አፉን አጥብቆ ደፍኖ፥ ጠርሙሱን ከነምግቡ በፈላ ውሃ ቢቀቅሉት ብዙ ጊዜ ሳይበላሽ እንደሚቆይ በመጽሐፍ አሳተመ፤ ከመንግሥቱም 12,000 ፍራንክ ተሸለመ። ነገር ግን ስለ ምን እንደማይበላሽ ምክንያቱን አላወቀውም ነበር። ምክንያቱን ከ50 ዓመት ያህል በኋላ ሉዊ ፓስተር የተባለው ሊቅ ገለጠው፤ ምግብን የሚያበላሹት በዓይን የማይታዩ ጥቃቅን ሕያዋን መሆናቸውን፥ ከነፋስና ከአቧራም ጋራ ገብተው እንደሚራቡ በፈተና አስረዳ።

ከዚህ ለቤታችሁ የሚጠቅም ትምህርት ይገኛል። እሳት በድስቱ ውስጥ ያሉትን ተሐዋስያን ይገድላል፤ ክዳኑ ከተከፈተ፥ የቆሸሸ ማንኪያም ከገባ ግን ሌሎች ይገቡበታል። ስለዚህ ማባያው ትኵሱን በተለቀለቀው ዕቃ ተከትቶ ወዲያው ይከደን። ማቀዝቀዣ ባለበት ቤት እስከ 5 ቀን ይቆያል። ማቀዝቀዣ በሌለበት ቤት በተሠራበት ቀን መበላት ይገባዋል፤ ብርዱ ብርቱ በሆነበት አገር ቢያድር እንኳ በማግስቱ እንደ ገና ፈልቶ ይበላ፤ ከዚያ አይለፍ። አረፋ የደፈቀ፥ ጠላ ጠላ የሚሸት ወይም ሻጋታ የያዘ ማባያ ሳይቀመስ ይደፋ።

ስለ ሁለት ጎረቤታሞች ምሳሌ

አሠራሩንና ጥንቃቄውን የሚለያይ ሰው የሚያገኘውን የሚያስረዳ ምሳሌ እነሆ።

በአንድ የደጋ መንደር ሁለት ጎረቤታሞች በአጥር ተለያይተው ይኖሩ ነበር እንበል። በየጓሯቸው አንዳንድ የኮክ ዛፍ ነበራቸው። የአንደኛዪቱ ልጅ ከትምህርት ቤት የተማረውን ለእናቱ ቢነግራት ሣቀችበት። «አንተ ልጅ፤ ከመቼ ወዲህ ነው ኮክ የሚቀቀለው? ደግሞስ ወንድ ልጅ ከምድጃ ምን አለው?» አለችው። በእሳቱ ዳር የተቀመጡት አያቱ ግን «ተዪው ልጄ፤ የቆሎ ተማሪስ ለራሱ ይቀቅል የለምን? ይሥራና እንየው» አሉ።

ልጁም እንደ ተማረው ሠራ። ጊዜው የፍልሰታ ጾም ነበርና ቤተ ሰቡ በደረቅ ዳቦ ላይ እያፈሰሱ በሉት። አያቲቱ ግን ዳቦውን ትተው ማባያውን በማንኪያ እየቀመሱ «ጥርሴ ካለቀ ወዲህ የኮክን ጣዕም ረስቼው ነበር» አሉ። እናቲቱም ይህን በሰማች ጊዜ መሣቋን ተወች።

ጎረቤቲቱ መዓዛው ቢሸታት በአጥሩ ላይ ብቅ ብላ «እትዬ፤ ምንድን ነው የምትሠሩት?» ብላ ጠየቀች። እናቲቱም ደስ ብሏት «ኮኩን ልጠሽ ከስኳር ጋራ መቀቀል ነው እንጂ ሌላ ምን አለው ብለሽ ነው» አለቻት። ስለ ድስቱና ስለ አቀማመጡ ግን አልነገረቻትም። ጎረቤቲቱ ከድግስ ዕቃ መካከል የቆየ የመዳብ ድስት አውጥታ፥ ቅቡ መፋቁን ሳታስተውል፥ ኮኩን ቀቀለችበት፤ እዚያው ውስጥም አሳደረችው። በማግስቱ ልጆቿ በልተው እስከ ማታ ሲያስመልሳቸው ዋለ።

እርሷም ዛፉ መርዘኛ ነው ብላ ጮኸች። ባሏም መጥረቢያውን ስሎ ወደ ጓሮ ወጣ። በዚያ ሰዓት ልጆቹን ሊያይ የመጣው የጤና ረዳት ድስቱን ገልብጦ ቢያይ ሆዱ አረንጓዴ አውጥቶ አገኘው። «አቶ ባል፤ መጥረቢያውን አስቀምጥ፤ በደለኛው ዛፉ ሳይሆን ድስቱ ነው» አለው። ልጆቹ በሁለተኛው ቀን ዳኑ፤ ዛፉም ከመቈረጥ ተረፈ። ነገር ግን ልጆቹ ኮክ ሲያዩ ፊታቸውን እስከ ማዞር ደረሱ፤ ይህም ብዙ ጊዜ ሳይለቃቸው ቆየ።

እንግዲህ ጥፋቱ የማን ነው? ጎረቤቲቱ ክፋት አላሰበችም፤ የነገረቻትም ደግ አደረግሁ ብላ ነው። ጥፋቱ ግማሽ ትምህርት ነው። ትምህርት ለጎረቤት ሲነገር በሙሉ ይነገር፤ ጣዕሙን ብቻ አውርቶ ጥንቃቄውን መደበቅ ሰውን ዐይኑን ሸፍኖ በገደል አፋፍ እንደ መምራት ነው።

ስለ ስኳርና ስለ ማር

በቀድሞ ዘመን በገጠር ስኳር እንደ ልብ አይገኝም ነበር፤ ማጣፈጫው ማር ነበረ። የወንጂ ስኳር ፋብሪካ በ1946 ዓመተ ምሕረት ሥራውን ከጀመረ ወዲህ ስኳር በአገር ውስጥ በፋብሪካ ይመረታል። ሆኖም ስኳር በጠፋ ወይም በተወደደ ጊዜ በማር መሥራት ይቻላል። ማሩ ድስቱ ከእሳት ከወረደና ጥቂት ከበረደ በኋላ ቢጨመር መዓዛው አይጠፋም። ነገር ግን ዓመት ላልሞላው ሕፃን ማር የገባበት ምግብ ከቶ አይሰጥ። በማር ውስጥ በትልቅ ሰው ሆድ ጕዳት የማያደርስ፥ በሕፃን ሆድ ግን በቅሎ ጅማትን የሚያደክም ብርቱ መርዝ የሚያወጣ የተሐዋሲ ዘር ሊገኝ ይችላል፤ ይህም ዘር በቤት እሳት አይሞትም።

የስኳር በሽታ ያለበት ሰው ከሐኪሙ ጋራ ሳይመካከር አይብላው። ጤነኛውም ቢሆን በልክ ይብላ፤ ልጆችም ከበሉ በኋላ አፋቸውን በውሃ ይጕመጥመጡ። ደግሞ ቪታሚን ሲ የሚባለውን የፍሬ ኀይል ሙቀት ስለሚቀንሰው፥ የተቀቀለው ኮክ ጥሬውን አይተካም። የበሰለውን ታጥቦ እንዳለ መብላት አይቅር፤ ለማባያ የሚሆነው ከዚያ የተረፈው ነው።

ስለ አበላሉና ስለ ሌሎች ፍሬዎች

በጾም ቀን በዳቦና በተቀቀለ ሩዝ ላይ ይፈስሳል፤ በፍስክ ቀን ከእርጎ፥ ከአይብና ከገንፎ ጋራ ይስማማል። እንግዳ በመጣ ጊዜ ከምግብ በኋላ በትንሽ ሳህን ከድፎ ዳቦ ቍራሽ ጋራ ቢቀርብ የባለቤቲቱን ባልትና ያስመሰግናል። ሽማግሌና በሽተኛም ለስላሳ ስለ ሆነ ሳይቸገር ይበላዋል።

ይህንኑ ሥርዐት ያወቀ ሰው ሌላውንም ፍሬ መሥራት አያቅተውም። ፕሪም እንደ ኮክ ይሠራል፤ ጎምዛዛ ስለ ሆነ ሎሚ አያስፈልገውም፤ ስኳር ግን ጥቂት ይጨመርለት። እንጆሪ ልጥ የለውም፤ ቶሎ ስለሚፈርስም ውሃው ግማሽ ብርጭቆ ይበቃዋል፤ ፍሬው ጥርስ ውስጥ ስለሚገባ ግን መጠለል አለበት። ማንጎ በቢላዋ ይላጣል፤ ጣፋጭ ስለ ሆነ ስኳሩ ይቀነስ፥ ሎሚው ይጨመር። ከጫካ ስሙና ጠባዩ ያልታወቀ ፍሬ ለቅሞ መቀቀል ግን የተከለከለ ይሁን፤ እሳት መርዝን ሁሉ አያጠፋምና።

ማጠቃለያ

ተማሪዎች ሆይ፤ ኮኩን ሠርታችሁ ከበላችሁ በኋላ በሳህኑ ላይ የሚቀረውን ደረቅ ፍሬ ወደ እሳት አትጣሉት። ከደኅናው ዛፍ የተገኘውን መርጣችሁ በትምህርት ቤቱ አትክልት ቦታ ወይም በጓሯችሁ ቅበሩት፤ ሲበቅልም ከከብትና ከፍየል ጠብቁት። ኮክ ከዘሩ ተተክሎ በ3 ወይም በ4 ዓመት ማፍራት ይጀምራል። ዛሬ 1ኛ ክፍል የገባው ልጅ 4ኛውን ክፍል ሲጨርስ ከተከለው ዛፍ ለቅሞ ለእናቱ ማባያ ሊሠራላት ይችላል።

ወላጆች ሆይ፤ ልጆቻችሁ ወንድም ሆነ ሴት ይህን ሥራ ሲጠይቋችሁ ምድጃውን አትከልክሏቸው፤ አጠገባቸው ቆማችሁ እሳቱንና ዕቃውን ተመልከቱላቸው እንጂ። ሳይቃጠል በቅጠል እንደ ተባለ፥ ፍሬው ሳይረግፍ ድስቱን መርምሩ፤ ወንፊቱን እጠቡ፤ የክረምቱ ኮክም በመሬት ላይ ከሚበሰብስ በቤተ ሰቡ ገበታ ላይ ይቅረብ።